አሥር እኩል ይሆናል አሥር

የጋሽ ላሊሶን ሞት የሰማሁት ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። ሶዶ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መልእክቱን ስልኬ ላይ የላከው አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። «መምህር ላሊሶ ትናንት አርፏል። ቀብሩ ነገ ቦዲቲ ነው። የሰማችሁ ላልሰሙት አሰሙ» ይላል። አጠገቤ የነበረችው የኬሚስትሪ መምህርት ፊቴን አይታ «ዘመድ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ አብሮኝ የሠራ ሰው ነው» አልኳት። እውነት ነው። ግን ከእውነቱ ትንሹን ቆርሶ መስጠት በእሱ ጉዳይ የቆየ ልማዴ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በእኛ በሁለታችን መካከል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የተወጋው እሱ እንደረሳ ሰው እየሳቀልኝ ኖሮ ሞተ። የወጋሁት እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልረሳሁም። አለመርሳት ብቻውን ለማንም እንደማይጠቅም የገባኝ በቀብሩ ቀን ነው።

አብረን የሠራንበት ትምህርት ቤት ከሶዶ ብዙ አይርቅም። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ፣ ወላይትኛ አንድ ቃል የማላውቅ፣ በትንሽ በትልቁ የሚከፋኝ ሰው ነበርኩ። ጋሽ ላሊሶ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። በመጣሁ ቀን ሻንጣዬን ከባጃጅ ላይ አውርዶ «ኢሻ፣ ማደሪያ አለህ?» አለኝ። ኢሻ ወንድም ማለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የለኝም ስለው ሻንጣዬን ብድግ አድርጎ መሄድ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት። በዚያው ቀን ቤት አፈላልጎ አከራየኝ። ማታ እራት ጠርቶኝ፣ ዳጣ የሚሉትን የቃሪያ ማባያ ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር አቀረበልኝ። አፌ ተቃጥሎ እንባዬ ሲወርድ «አሁን ወላይታ ገባህ» ብሎ ሳቀ።

አማርኛውን የተማረው ትምህርት ቤትና ቢሮ ስለሆነ ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል። «ሚስቴ ነገ ይመጣል» ይላል። እኔ ስስቅ «ምን ያስቅሃል? ዋናው መምጣቱ ነው» ይለኛል። አንድ ግራጫ ኮት ነበረው፣ ቀኝ ኪሱ በጠመኔ ብናኝ ነጭ ሆኖ የቀረ። ጠመኔውን በወረቀት ጠቅልሎ እዚያ ይይዘዋል። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ለማጥፋት አይቸኩልም። በጣቱ አንጓ ስህተቱ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርግና ልጁን እያየ ዝም ይላል። ዝምታው አያስፈራም ነበር። ልጁ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ጊዜ አለኝ የሚል ዓይነት ነበር።

ሁለታችንም ሒሳብ እናስተምር ነበር፤ እሱን ግን ልጆቹ የሚያስታውሱት በአንድ ነገር ነው። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ያሉባቸውን ሁለት እኩልታዎች በመተካት መፍታት። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር በመስኮት ቆሜ ስለሰማሁት ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።

«ሻንቶ ላይ ባጃጅና ሚኒባስ ቆሟል» ይላል። «ሁሉም አንድ ላይ አሥር ነው። ጎማ ቆጠርን፣ ሠላሳ አራት ሆነ። ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሚኒባስ?»

ልጆቹ ሻንቶን ያውቋታል፤ ገበያ የሚሄዱበት ከተማ ናት። ባጃጅ ሦስት፣ ሚኒባስ አራት ጎማ እንዳለው የሚነግራቸው አያስፈልግም።

«ሁለቱንም አላውቅም ብለህ አታልቅስ። አንዱን በሌላው ንገረኝ። ባጃጅ ማነው? ከአሥር ላይ ሚኒባስ ሲነሳ የሚቀረው ነው። በቃ፣ አወቅከው። አሁን ባጃጅ ወደ ሁለተኛው ቤት በእንግድነት ይሄዳል።»

ከዚያ ጎማ የተቆጠረበትን ሁለተኛውን እኩልታ ይጽፋል። ባጃጅ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ፣ ከሦስቱ ቀጥሎ ትልቅ ባዶ ቅንፍ ይስላል። ውስጡ ምንም የለም። ባዶውን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል፣ ለመጣ ሰው መቀመጫ እንደሚያራግፍ ባለቤት። «እንግዳ ቆሞ አይጠብቅም። መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ እንግዳ» ይላል። «አሥር ሲቀነስ ሚኒባስ» ብሎ የሚጽፈው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ አሥር ሠላሳ። ሦስት ሚኒባስ ተቀንሶ አራት ሚኒባስ ሲደመር አንድ ሚኒባስ ይተርፋል። ሠላሳ ሲደመር ሚኒባስ ሠላሳ አራት ከሆነ፣ ሚኒባስ አራት ነው፣ ባጃጅ ስድስት። ቅንፉን ረስቶ ሦስቱን በአሥሩ ብቻ ያባዛ ልጅ አንድ ሚኒባስ ከሲሶ ያገኛል። ያን ጊዜ ጋሽ ላሊሶ በጣም ተጨንቆ «ሲሶ ሚኒባስ ሻንቶ ላይ ያየ አለ? ሹፌሩ ያለበት ነው ወይስ ረዳቱ ያለበት?» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ፣ ባጃጅ አሥር ሲቀነስ ሚኒባስ መሆኑን ከመጀመሪያው እኩልታ አወጣች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መውሰድ ሲገባት እዚያው መጀመሪያው ውስጥ መልሳ ከተተችው። ሚኒባስ ከሚኒባስ ተጣፋና ሰሌዳው ላይ «10 = 10» ብቻ ቀረ። ልጅቷ ጠመኔዋን ይዛ ደርቃ ቆመች። እሱ መጥቶ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ።

«ውሸት ነው?» አላት።

«አይ፣ ቲቸር።»

«እውነት ነው። አሥር እኩል ይሆናል አሥር። ግን ምን ነገረሽ?»

«ምንም።»

«ለምን? ከእሱ የሰማሽውን መልሰሽ ለእሱ ነገርሽ። እሱም 'አዎ' አለሽ። ሌላ ምን ይበል? ራሱን አትጠይቂ። ጎረቤቱን ጠይቂ።»

ይህች አባባል ከክፍል ወጥታ የሰውየው ጠባይ ሆና ነበር። አንድ ሰሞን «ነገ ትምህርት የለም» የሚል ወሬ ግቢውን ሞላው። ሁላችንም ደስ ብሎን ዕቃችንን ስንሰበስብ እሱ እየዞረ «ከማን ሰማህ?» ይል ጀመር። እኔ ከጸሐፊያችን ከዘነበች ሰምቻለሁ። ዘነበች ከጥበቃው ሰምታለች። ጥበቃው ሲጠየቅ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ጠዋት ስገባ «ነገ ዕረፍት ቢሆን ደግ ነበር» ስል ሰምቶኛል። ጋሽ ላሊሶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አሥር እኩል አሥር!» አለ። በማግስቱ እሱና ልጆቹ ብቻ ተገኙ። እኔም ረፋዱ ላይ አፍሬ መጣሁ። አፌ ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ መማር ነበረብኝ።

እኔ መተካትን አልወደውም ነበር። ረጅም ነው፣ ልጆችን ያሳስታል እያልኩ ሁለቱን እኩልታዎች አባዝቼና ቀንሼ አንዱን ፊደል በማጥፋት ነበር የማስተምረው። ጋሽ ላሊሶ «ያንተ መንገድ ፈጣን ነው» ይለኛል፣ «ግን አንዱን ካላጠፋህ ሌላው አይታይህም።» እንደ ቀልድ ነበር የሚላት። እኔም እንደ ቀልድ ነበር የምሰማት።

በሦስተኛው ዓመት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። የዘጠነኛ ክፍል የጋራ ፈተና የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሆን ብዬ ከበድ አደረግኋት። ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ያለባት፣ ምልክት መቀየር የረሳ ሁሉ የሚወድቅባት ነበረች። «ይህችን የሚሠራ ካገኘሁ ምሳ እጋብዛለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበር። ወረቀቱን በምናባዛበት ቀን ማባዣ ማሽኗ ቆመች። እጁ ለማሽን ስለሚቀና ጋሽ ላሊሶን ጠራሁት። እሱ እየፈታታ ሳለ መጥረጊያ ጨርቅ ላመጣ ወጣሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። ማሽኗ ተነስታ ነበር። እሱም እጁን በሳሙና እየታጠበ ስለ ዝናቡ ያወራ ነበር።

በትምህርት ቤታችን መምህር የራሱን ክፍል ፈተና አያርምም፤ እንለዋወጣለን። የእሱ ልጆች ወረቀት ለእኔ ደረሰኝ። መጀመሪያ የራሴን ልጆች ውጤት ካረማቸው መምህር ዘንድ አይቼ ነበር፤ የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ እንደ ቅጠል ረግፈዋል። የእሱ ልጆች ግን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አግኝተዋታል። ወረቀቶቹ ደግሞ መንትያ ይመስላሉ። ሁሉም ላይ ያ ሰፊ ቅንፍ አለ፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ መልሱን ወስደው በሌላኛው እኩልታ አረጋግጠዋል። ቀናሁ። ሌላ ቃል የለውም፣ ቀናሁ። ዘነበችና የፊዚክሱ መምህር ባሉበት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ «ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያላየ ልጅ እንዲህ አይሠራም» አልኩ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ በሳምንቱ ነገሩ ከእኔ አልፎ ሄዶ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደርሶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እኔን ጠርቶ «ላሊሶ ፈተና አውጥቶ ለልጆቹ ሰጥቷል የሚል ጥቆማ ደርሶኛል። ማሽኑን የሠራው እሱ ነው አይደል?» አለኝ። ነው አልኩ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ፣ የሥነ ዜጋ መምህርቷና እኔ። ሁለት ምስክሮች በጽሑፍ ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፣ ዘነበችና የፊዚክሱ መምህር።

ወረቀቶቹን ርዕሰ መምህሩ ጮክ ብሎ አነበባቸው። የዘነበች «ጥያቄውን ቀድሞ ያላየ ተማሪ በዚህ ሁኔታ ሊሠራ እንደማይችል ይታወቃል» ይላል። የፊዚክሱ መምህር «ተማሪዎቹ ጥያቄውን አስቀድመው እንዳዩት ከታመነ ወገን ተረድቻለሁ» ይላል። የታመነው ወገን እኔ ነበርኩ። የቢሮ ልብስ የለበሰች የራሴ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተጽፋ ፊቴ ተቀመጠች። ሁለቱም ሰዎች አልዋሹም። የሰሙትን ነው የጻፉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ እኔ ያን ጊዜ አቀርቅሬ እስክሪብቶዬን ስከፍትና ስዘጋ ነበር።

ጋሽ ላሊሶ ተጠርቶ ገባ። ኮቱን ለብሶ፣ ጠመኔው ኪሱ ውስጥ እንዳለ። ወረቀቶቹ ሲነበቡለት አልተቆጣም።

«እነዚህ ሁለት ሰው ከማን ሰማ?» አለ።

«የምስክር ምንጭ አይጠየቅም» አለው ርዕሰ መምህሩ። እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እሺ። ምስክሩን ተዉት። ልጆቹ አሉ። አሁን አዲስ ጥያቄ ይሰጣቸው። በቀለ ይጻፈው፣ ከባዱን ይጻፍ። እኔ ከግቢ ልውጣ፣ ከፈለጋችሁ ሻንቶ ድረስ ልሂድ። ልጆቹ ከሠሩት ሠሩት ነው። ካልሠሩት እኔ ሌባ ነኝ።»

የሥነ ዜጋ መምህርቷ «ይሄ እንኳ ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «የክፍሉ ኃላፊ ምን ትላለህ?»

ያን ጊዜ የሚበቃው አንድ ቃል ነበር። እሺ ብል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን ልጆቹ ከሠሩት የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ይህን ወሬ ማን አመጣው?» መሆኑ ታየኝ። ወደ ሶዶ ለመዛወር ያመለከትኩት ማመልከቻ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ፈተናው አልፏል፣ ልጆቹን እንደገና ማወክ አይገባም» አልኩ። «ምስክሮቹ ይበቃሉ።»

ጋሽ ላሊሶ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታና ዝም አለ፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚያደርገው፣ ጊዜ አለኝ እንደሚል ሰው። ጠበቀኝ። ስቆይበት «አሥር እኩል አሥር» አለ በለሆሳስ። ከሦስታችን የገባው ለእኔ ብቻ ነው።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት፣ ከቢጠና ወዲያ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወረ። እኔም ፈረምኩ። ይግባኝ አላለም። ሲሄድ ቤቴ ድረስ መጥቶ ቆሞ ተሰናበተኝ፣ ግባ ብለው እንቢ አለ። «ክፍሌ ለአንተ ነው የተሰጠው አሉኝ» አለ። «ሎኦ፣ ጥሩ ነው። ልጆቹ ቅንፍ እንዳይረሱ አደራ።» ይህን ብቻ ብሎ ሄደ።

ሰኞ ክፍሉ ገባሁ። ልጆቹ አኩርፈውኛል። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ከራሴ ፈጥሬ ከፈተናዋ የባሰች ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። እንዲሳሳቱልኝ እመኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ እመኝ ነበር። በዴስኮቹ መካከል ስዘዋወር በየደብተሩ ላይ ያ ባዶ ቅንፍ ይሳላል። አንዳንዶቹ በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጉታል። ከጽሑፉ በፊት፣ ከቁጥሩ በፊት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ክፍል ጨርሶ እጁን አወጣ። ያቺ የ«10 = 10» ልጅ የመጀመሪያዋ ነበረች። መልሷን በሌላኛው እኩልታ አረጋግጣለች። «ለምን በዚህኛው አላረጋገጥሽም?» ብላት «መምህር ላሊሶ፣ ራሱን አትጠይቁ ጎረቤቱን ጠይቁ ይለናል» አለችኝ።

እሱ ከኮሚቴው የለመነው ማጣሪያ ይኸው ነበር። ያለ ኮሚቴ፣ በእኔው እጅ ተደረገ፣ ልጆቹም አለፉ። ደወሉ እንደተደወለ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። በሩን ይዤ ቆምኩ። «ማነው? ግባ!» አለኝ። ገባሁ። «ምን ፈለግህ?» አለኝ። «ጠመኔ አልቆብኝ ነው» አልኩት። አንድ ፓኬት ሰጠኝ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዝውውሬ ተፈቅዶልኝ ሶዶ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ነው። ሶዶ መናኸሪያ፣ ከቢጠና ከመጣ መኪና ሲወርድ። ኮቱ ያው ነው፣ ፀጉሩ ግን ነጭ ሆኗል። «ኢሻ!» ብሎ አቀፈኝ። የገጠር ልጆቹን አወራልኝ። እዚያ ባጃጅ ብዙ ስለሌለ ጥያቄውን በሞተር ብስክሌትና በአህያ ጋሪ ቀይሮታል፤ ሁለቱም ሁለት ጎማ ስላላቸው ግን ሒሳቡ እንቢ አለው። ጎማ ብትቆጥር ያው የመጀመሪያውን ነው መልሰህ የምታገኘው ብሎ ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እጄን አልለቀቀም።

«የምትነግረኝ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «ደህና ነኝ።»

እጄን ለቀቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ቦዲቲ መኪና ሄደ። ቤቱና ዘመዶቹ እዚያ ነበሩ።

ቅዳሜ ቦዲቲ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሞ ነበር። መዘምራኑ በወላይትኛ ይዘምራሉ። ከቢጠና ወዲያ ያሉ ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ አይሱዙ ተጭነው መጥተዋል። ልጁ አስቴር ከሩቅ አየችኝና መጣች። ያኔ አያቷ ዘንድ ቦዲቲ የምትማር ኮረዳ ነበረች፤ አሁን ራሷ የሒሳብ መምህርት ናት። «መምህር በቀለ፣ ከሌላ ቦታ የመጡ እንግዶች አሉ» አለችኝ። «የሕይወት ታሪኩን በአማርኛ ያንብቡልን። አባቴ ስምዎን ያነሳ ነበር።» እንቢ ማለት አልቻልኩም። ወረቀቱን ተቀበልኩ።

ማይክራፎኑን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። የትውልድ ቀኑ፣ ትምህርቱ፣ ጋብቻው። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ። «በዚህ ትምህርት ቤት ሲያገለግል ከወዳጁ ከመምህር በቀለ ጋር በፍቅር የሠራ ሲሆን፣ ሲዛወርም የሚወዳቸውን ተማሪዎቹን ለእርሱ በአደራ አስረክቧል።» ድምፄ ተቋረጠ። ሰዎች አዘነ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። አንዲት እናት «አይዞህ» አሉኝ። ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ዝውውሩ ምክንያት ምንም አልተጻፈም። እኔም ምንም አልጨመርኩም። በሟቹ ሬሳ ፊት ራሴ ስለ ራሴ ደግ ሰውነት መስክሬ ወረድኩ።

ከቀብር ስንመለስ አስቴርን ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ጥግ፣ ለብቻዋ አገኘኋት። ለመጡት ሰዎች የሚቀርብ ውሃ በጀሪካን እየቀዳች ነበር። ካሁን በኋላ ካልተናገርኩ አልናገርም አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ቅናቴን፣ አፌን፣ ሁለቱን ወረቀቶች፣ ልጆቹ ይጠየቁ ሲል እንቢ ማለቴን፣ ሰኞ ክፍሉ ውስጥ ያየሁትን፣ ጠመኔውን። ጀሪካኑ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፣ ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አልቅሳ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እዚህ ያሉ ልጆች 'አባትሽ ፈተና ሰርቆ ተባረረ' ይሉኝ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ጠየቅሁት። 'አልሰረቅሁም' አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።»

«አምነሽው ነበር አይደል?»

«አምነዋለሁ እል ነበር። ግን መምህር፣ የሰማሁት ከራሱ ብቻ ነው። እሱ ራሱ አይደል ራሱን አትጠይቂ ብሎ ያስተማረኝ? ሌላ አንድ ሰው እስኪነግረኝ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ። እሱም ያውቅ ነበር። ስለ ሥራ ባወራን ቁጥር ፊቴን ያይ ነበር፣ ገብቷት ይሆን እያለ።»

የሰረቅሁት ስሙን ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ልጁ አባቷን የምታይበትን ዓይን ጭምር ወስጄ፣ ሶዶ ተቀምጬ ጸጸት ነው እያልኩ ሳስታምመው ኖሬያለሁ።

«ጻፉት» አለችኝ። «ስምዎን አድርገው ይጻፉት። ልጆቹ ያንብቡት።»

«እጽፈዋለሁ» አልኳት። ይኸው ጻፍኩት።

ጀሪካኑን አንስታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ለእሱ ነግረውት ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«እስከ ሐሙስ ድረስ ነበረ እኮ» አለችኝ።